ቁስሉ የዳነ እጅ፦ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም

ነገሩ የሆነው የገጠር ሰው ስልክ ለመደወል ኮረብታ በሚወጣበት ዘመን ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው ሰፈራችን ኔትወርክ የሚገኘው ከመስጊዱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። እናቴ ያንን አቀበት የምትወጣው ወይ ሰው ሲሞት ወይ የምሥራች ሲኖር ነው። ረቡዕ ከሰዓት የደወለችልኝ የምሥራች ይዛ ነበር።

«ሐዋዬ፣ አብሽሪ! ለእህትሽ መድኃኒት ተገኘላት» አለችኝ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ከወረኢሉ በኩል አንድ የሚተኩሱ ሰው መጥተዋል። ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ እጇን ይተኩሱላታል። አንቺም ባለሽበት ሆነሽ ዱዓ አድርጊ።»

«ማን ፈቀደ?» ብዬ ጮኽኩ። መስመሩ ተቆረጠ። ደጋግሜ ብደውል የሚያነሣ የለም፤ ከጉብታው ወርዳለች።

እኔ ደሴ ውስጥ፣ በሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። መተኮስ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። የማጭድ ጫፍ ፍም ውስጥ ገብቶ እስኪቀላ ይግልና ሕመም አለበት የተባለው ቦታ ላይ ይደረጋል። ቁስሉ መግል ሲይዝ «ሕመሙ ወጣ» ይባላል። ሕመሙ ሳይወጣ መግሉ ብቻ የቀረባቸውን ሰዎች አልጋችን ላይ አስተኝተን ስንጠርግ ኖረናል።

ታናሽ እህቴ ከዲጃ ዐረብ አገር አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። አንድ ቀን መስኮት ስትወለውል መስታወቱ ተሰብሮ የቀኝ እጇን አንጓ ቆረጣት። እዚያው ሰፉላት፤ ቁስሉም ዳነ፤ ወደ አገሯ ተመለሰች። ጠባሳው ቀጭን ነው፣ ካልተነገረው በቀር ሰው ልብ አይለውም። ሕመሙ ግን አልሄደም። ጉብታው ላይ ወጥታ ስትደውል ስለሱ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «እትዬ፣ እጄ ይነዳል። የሹራቤ እጅጌ ሲነካው እንኳ ይነዳል» አለችኝና፣ ሰው ሲጠጋት ስለ ባቄላው ማውራት ጀመረች። ደሴ ነይ ባልኳት ቁጥር «በሚቀጥለው ወር» ትለኛለች።

ያን ቀን ማታ ተረኛ የነበረውን ሐኪማችንን ኮሪደር ላይ ያዝኩትና ነገሩን ዘረገፍኩለት። ተረጋግቶ የሚናገር ሰው ነው፤ እኔ ስናደድ እሱ የባሰ ይረጋጋል።

«መስታወቱ ነርቭ ሳይቆርጥ አልቀረም» አለኝ። «ነርቭ ሲጎዳ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ወደዚያ ይሮጣሉ። የተበላሸውን ይጠርጋሉ፣ ጥገናውን ያግዛሉ። ይሄ ጥሩ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሥራው ካለቀ በኋላም አይበተኑም። የሚያመነጩት ኬሚካል ነርቩን ሲነካካው ይውላል። በዚህ አያበቃም፤ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ሌሎች ጠባቂ ሕዋሳትም ይነቃሉ። ያኔ ቁስሉ ድኖም ሕመሙ ይቀጥላል፤ ልብስ ሲነካው ራሱ እሳት ነው።»

«ለምን አንዱ ላይ ሆኖ ሌላው ላይ አይሆንም?»

«እሱን በደንብ አናውቀውም። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው።»

«ቢተኩሷትስ?»

መነጽሩን አወለቀ። «አዲስ ቁስል ማለት ለእነዚያ ሕዋሳት አዲስ ጥሪ ነው። ተጨማሪ ነርቭም ይቃጠል ይሆናል። አሁን የሚረዳት መድኃኒት አለ፤ ሙሉ በሙሉ ላያድናት ይችላል፣ ግን ይረዳታል። ከተተኮሰች በኋላ ምን እንደማደርግላት አላውቅም። ሳትተኮስ አምጫት።»

እኔ ሕዋስና ኬሚካል የሚለውን ለራሴ በሰፈሬ ቋንቋ ተረጎምኩት፦ ጅቡ ሄዷል፣ ውሻው ግን መጮኹን አላቆመም፤ የጎረቤቱንም ውሻ ቀስቅሷል። ፈቃድ ጠይቄ ዕቃዬን አሰርኩ።

ሐሙስ፣ ከመናኸሪያ እስከ ጉጉፍቱ

ከደሴ መናኸሪያ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው ቅጥቅጥ ገና ሳይነጋ ይጫናል፤ የሚነሣው ግን ሾፌሩ ደስ ሲለው ነው። ረዳቱ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ብሎ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ። ተጣላን፣ ተሰዳደብን፣ ከፈልኩ። ከአንድ መቀመጫ ላይ ሦስታችንን አጣብቆ «እህቴ፣ ብርድ ስለሆነ ነው እኮ የማቀራርባችሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

ከጎኔ የተቀመጡት ሴት እትዬ ፋጡማ ይባላሉ። መካነ ሰላም ነጋዴ ናቸው፤ በማዳበሪያ የታሰረ የፕላስቲክ ጫማ እግራቸው ሥር አድርገዋል። የጦሳን ተራራ ወደኋላ ትተን ዳገቱን ስንያያዘው ወሬ ጀመሩ። ልጃቸው ከኩዌት ልትመጣ ነው፤ ደስ ብሏቸዋል፣ ፈርተዋልም።

«ዐረብ አገር የደረሱ ልጆች ሰላምታ ረስተው ነው የሚመጡት» አሉኝ። «እኛ አገር አንዲት ልጅ አለች፣ እጇን ለሽማግሌ አትሰጥም! በነጠላ ጠቅልላ ‹ሰላም ነው› ብላ ታልፋለች። ያ ሁሉ ሰው ሰደቃ በልቶ ዱዓ ያደረገላት ልጅ። ጥጋብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?»

የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅኳቸው። የአባቴን ስም ጠሩ፤ አላህ ይማረው ብለው ጨመሩበት።

«እህቴ ናት» አልኳቸው።

እትዬ ፋጡማ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ከዚያ በኋላ ለረዥም ጊዜ መስኮት መስኮቱን ብቻ አዩ።

ጉጉፍቱ ስንደርስ ጉም መንገዱን ውጦታል። የሾፌሩ ዓይን ከመስታወቱ አልተነሣም፤ የደጋ ተክሎቹ ጅባራዎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ እያሉ እንደ ቆመ ሰው ያስደነግጣሉ። የሱፍ ባና የደረቡ ሴቶች የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየሸጡ መኪናውን ከበቡት። እትዬ ፋጡማ ድንች ገዝተው ግማሹን ጭኔ ላይ አደረጉልኝ።

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ያማታል እንዴ?»

«ያማታል። ቁስሉ ዳነ እንጂ ሕመሙ አልዳነም።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

እኔም እሱኑ ስጠይቅ ነበር የመጣሁት።

አቀስታ

አቀስታ የደረስነው በከባድ ዝናብ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ካፖርቱን ደርቦ ወረደ። ከፊታችን ያለው ወንዝ ሞልቷል፣ አንድ የጭነት መኪናም ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘግቷል አለን። ነገ ጧት ካልሆነ አይነቃነቅም።

«እኔ ነገ ቀትር ሳይደርስ ቤቴ መግባት አለብኝ» አልኩት።

«እኔም ልጆቼን ማሳደግ አለብኝ» አለኝ ሾፌሩ፤ እውነቱን ነበር።

አቀስታ ውስጥ ቆርቆሮው የሚያፈስ አልጋ ቤት ተከራይቼ አደርኩ። ሽሮ አዝዤ ግማሹን ተውኩት። የዝናቡን ድምፅ እየሰማሁ የማስበው ስለ ማጭዱ ነበር። እናቴ ስልክ አታነሣም። የጎረቤት ቁጥር ሞከርኩ፣ እሱም ከአገልግሎት ውጭ ነው።

ዓርብ ጧት ቅጥቅጡን አልጠበቅኩም። ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ሲነሣ አግኝቼ ሾፌሩን ለመንኩት፤ እትዬ ፋጡማም ጫማቸውን አሸክመው ከኋላዬ መጡ። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከላይ፣ ከማዳበሪያው ላይ ወጣን። ወንዙ ጎድሏል፣ ጭቃው ግን እንዳለ ነው። ሁለት ጊዜ ወርደን ድንጋይ ለቀምን፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር አነጠፍን። በሁለተኛው ጊዜ ጎማው ባዶውን ሲሽከረከር ጭቃው ፊቴን ሸፈነው። እዚያው ቆሜ ሰማዩን አየሁ፤ ፀሐይዋ እየከረረች ነው። አለቀስኩ ብል ነውር የለውም። እትዬ ፋጡማ ፊቴን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉልኝና «አብሽሪ፣ ጁምዓ ገና ነው» አሉኝ።

መካነ ሰላም

መካነ ሰላም ስንገባ ከተማዋ የዓርብ ልብሷን ለብሳለች። በዐረብ አገር ብር የተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ባለ ቀለም የብረት በራቸው ያብለጨልጫል፤ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ላይ ስለ ልማት የሚያወራ ጨርቅ ተሰቅሎ ነፋስ ይመታዋል። ነጭ የለበሱ ወንዶች ወደ መስጊድ መውረድ ጀምረዋል። እትዬ ፋጡማን ከገበያው ጥግ ተሰናበትኳቸው። ሊጨብጡኝ እጃቸውን ዘረጉና መሃል ላይ ቆም አሉ፤ ከዚያ ትከሻዬን ሳሙኝ።

ከከተማዋ እስከ ሰፈራችን በእግር ነው፤ ገደሉን ተገን አድርጎ የሚወርድ መንገድ፣ ከዚያ ዳገት። የገብሱ ማሳ ውሃ አዝሏል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ አዛኑን ሰማሁ። ወንዶቹ የኢማሙን ኹጥባ አዳምጠው፣ ሰግደው፣ ሰላም ተባብለው እስኪመለሱ ያለው ጊዜ ነው የቀረኝ። ጫማዬ ጭቃ እየያዘ አስቸገረኝ፤ አውልቄ በእጄ ይዤ ሮጥኩ።

ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ፍሙን ነው። እናቴ በምድጃ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ታራግባለች። አዲስ የተሳለ ማጭድ ከመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከዲጃ ከደጃፉ አጠገብ፣ ቀኝ እጇን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከስታለች።

«ማን ነው የፈቀደው?» አልኩ፣ እናቴን ሳልስም።

«ወየው ልጄ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ በባዶ እግርሽ?» ብላ እናቴ ማራገቢያውን ጣለችው።

«ማን ፈቀደ ነው ያልኩት!»

«እኔ ነኝ የጠየቅኩት፤ ብርድ ገባብኝ ብዬ» አለች ከዲጃ።

ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። አልነካኋትም።

«እትዬ» አለች፣ ፍሙን እያየች፤ «ሰው ሁሉ መጥቶ ‹እንኳን አላህ አፊያሽን መለሰልሽ› ይለኛል። ከዚያ እጄን ይጨብጠዋል፣ እንደ ደንባችን ስቦ ይስመዋል። ዓይኔ ይጨልማል። ብደብቀው ጠገበች ይሉኛል። ግራዬን ልስጣቸው? ለሽማግሌ ግራ እጅ ይሰጣል? ከተተኮስኩ ግን ቁስል ይኖረኛል። ቁስል ያለበትን እጅ ማንም አይጨብጥም። እስኪድን ድረስ እንኳ ያምኑኛል።»

«ያመኛል ማለት አቃተሽ?»

«ሰደቃው ከወጣ በኋላ?» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ከዲጃ ስትመለስ፣ አባታችንን ተክተው ቤቱን የሚመሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ይማም ጠባሳውን አይተው «ልጄ ድናለች» ብለው ሙክት አርደው ነበር። አገሩ ተጠርቶ፣ ጫት ቀርቦ፣ ለአላህ ምስጋና፣ ሹክር ተደረሰ። እኛ ዘንድ ሹክር ከተደረሰ በኋላ «አልዳንኩም» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አላህ የሰጠውን መካድ ይመስላል፤ ዱዓውን የመሩትን ሽማግሌም በአገር ፊት ማሳፈር ነው። እንደ እኛ ለማመስገን የሚቸኩል ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በዚህም እስከዚያ ቀን ድረስ ስኮራ ኖሬአለሁ። እህቴ ግን በዚያ ሙክት ምክንያት ለስምንት ወር አፏን ዘግታ ተቀምጣለች።

ከጁምዓ መልስ

ወንዶቹ መጡ። ከፊት ጋሽ ይማም፣ ነጭ ጋቢያቸውን እንደደረቡ። ከአጠገባቸው ቀጭን፣ ጢማቸው ሂና የተቀባ ሽማግሌ፤ አባ ሙሄ የሚባሉት፣ የሚተኩሱት ሰው እሳቸው ናቸው። ከኋላ ጎረቤቶች ይከተላሉ። ሰላምታው ተዥጎደጎደ፤ እጅ ተሳሳምን። ጋሽ ይማም ወደ ከዲጃ ዞሩና እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ከመካከላቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ አትተኮስም።»

አባ ሙሄ ማጭዱን አንሥተው ጫፉን ወደ ፍሙ ሲከቱ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

የተቻለኝን ያህል አስረዳሁ። ስለ ነርቭ ነገርኳቸው፣ ስለ ሰውነት ጠባቂዎች ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁልኝ፤ ለእንግዳ እንደሚነቀነቀው ዓይነት ነው።

«ጠባቂዎቹ ካሉ ምን ከፋ?» አሉ አባ ሙሄ። «እኔም እነሱን ላግዝ ነው የመጣሁት።»

«አባ፣ ጅብ መጥቶ ከሄደ በኋላ ውሻዎ ሌሊቱን ሙሉ ቢጮኽ፣ ዝም እንዲል ብለው ግቢውን ያቃጥላሉ?»

አንዱ ጎረቤት ሳቀ። ጋሽ ይማም ግን አልሳቁም።

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፤ «አንቺ ተምረሻል፣ ማሻአላህ። ግን ይህቺ ልጅ ድና ሹክር አድርሰንላታል። ከዚያ በኋላ የገባባት ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ በእሳት ይወጣል። ወይስ አላህ ዱዓችንን አልተቀበለም ልትይኝ ነው? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

እናቴ «ያ ረቢ» አለች። ምን ብመልስ ያስቀይማል። አባ ሙሄ ማጭዱን ፍም ውስጥ አስገቡት፤ ጫፉ ቀስ እያለ ሲቀላ አየሁት። ከዲጃ ነጠላዋን ፈታችና እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አስቀመጠች። ሽሽት እንኳ አላሰበችም። እኔ ማጭዱን በእጄ እቀማ ይሆናል ብዬ ራሴን ፈራሁ።

«ቢያንስ ሁለቱን እጆቿን ይዩ» አልኩ። «ሳይነኳት። መዳፍዎን ከላይ ብቻ ያድርጉ።»

ጋሽ ይማም ከእልህ ይሁን ከደግነት ጎንበስ አሉ። መዳፋቸውን ከግራ እጇ በላይ አደረጉ፣ ከዚያ ከቀኟ በላይ። መልሰው ከግራዋ በላይ። ቀኟ ቀላ ብሎ ያበጠ ይመስላል፣ ያብረቀርቃል፣ አልቦታል።

«ይሞቃል» አሉ ለራሳቸው። «ይሄኛው ይሞቃል።»

በዚህ መሃል ነው ዝንቧ የመጣችው። ዝንብ በዝናብ ወራት ከቤታችን ጠፍታ አታውቅም፤ ማንም ልብ አላላትም። በከዲጃ ቀኝ እጅ ጀርባ ላይ አረፈችና ሁለት ጊዜ ያህል ተራመደች። ከዲጃ አልጮኸችም። አፏ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከንፈሯ ነጣ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተገተረ። እጇን ማራገፍ አትችልም፤ ማራገፉ ራሱ ያማታል። ጋሽ ይማም ጎንበስ እንዳሉ ቀርተው ከዝንቧ ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ ዝንቧ አዩ። በትንፋሻቸው ሊያባርሯት እፍ አሉ። ትንፋሻቸው ሲነካት ከዲጃ አቃሰተች።

«ዝንብ ናት» አሉ ጋሽ ይማም። «ዝንብ ናት እኮ።»

ቀስ ብለው ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸው ጭቃ ነካ።

«እኔ በየጧቱ ስስመው ነበር» አሉ። «ከጀመዓው መጀመሪያ እኔ ነኝ የምስመው። ለምን አልነገርሽኝም፣ እናቴ?»

ከዲጃ አለቀሰች። «ሹክር አድርሰው ነበር» አለች።

ጋሽ ይማም አባ ሙሄን ቀና ብለው አዩና «አባ፣ አንቱም ደክመው መጥተዋል፤ ግን ማጭዱን ያውጡት፤ እህቷ ደሴ ትውሰዳት» አሏቸው። አባ ሙሄ ጥቂት አቅማሙ፤ ቅር ብሏቸዋል፣ መንገዱ ሩቅ ነበር። ማጭዱን አውጥተው ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ሽሽሽ ብሎ ሲበርድ ሁላችንም ትንፋሻችንን ለቀቅን። እናቴ ፍሙ በከንቱ አይጥፋ ብላ ብረት ምጣዱን ጣደችበትና ለመንገዳችን የገብስ ቆሎ ቆላች። የመጀመሪያውን እፍኝ የበሉት አባ ሙሄ ናቸው።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤቱ ለዱዓ ተሰበሰበ። ጋሽ ይማም እንደ ወትሮው በምርቃት አልጀመሩም።

«ጀመዓ» አሉ፣ «ያን ጊዜ ሹክር ያደረስነው ለዳነው ቆዳ ነው። ያ ሹክር ባለበት ይቆይ። ከቆዳው በታች ያለው ግን አልዳነም። ቸኩለን ልጃችንን አፏን አስዘጋናት። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ላልዳነው ዱዓ እናድርግ።»

በአገራችን ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «አሚን» የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላው። ሰው ሲሰናበት ከከዲጃ ፊት እየደረሰ መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርግና ያልፋል። አንዲት ማየት የተሳናቸው አሮጊት ብቻ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ጋሽ ይማም የአሮጊቷን እጅ ቀልበው ራሳቸው ሳሙት።

ቅዳሜ፣ መልስ

መመለሱ ከመሄዱ ይከብዳል፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ የምትቆጥረው የከዲጃ እጅ ናት። ባና እንዳናለብሳት ይኮሰኩሳታል፣ ራቁቱን እንዳንተወው ሰው ይገፋታል። መጨረሻ ላይ ከአንድ ሱቅ የብስኩት ካርቶን ለምነን ጎኑን ቀደድኩና እጇ ላይ እንደ ጎጆ ደፋሁት። ረዳቱ ያው ሐሙስ ዕለት የተጣላሁት ነበር።

«ካርቶኑ ውስጥ ምን አለ? እንቁላል ነው?» አለ።

«እንቁላል ነው» አለች ከዲጃ።

ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ረዳቱ እውነት መስሎት እስከ ደሴ ድረስ «ወደዚያ ጠጋ በሉ፣ እንቁላል አለ!» እያለ ሰው ሲከለክልልን ዋለ። ስለ ታሪፉ ይቅር አልኩት። ጉጉፍቱ ላይ ግን መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲነጥር ፊቷ ጠቆረ፣ ደሴ መዳረሻ እስካለችው ጢጣ ድረስም አልተናገረችም። እኔ ከጎኗ ሆኜ ማድረግ የቻልኩት ነገር ቢኖር አለመንካት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሐኪማችን መርምሮ ነርቭ መጎዳቱን አረጋገጠ፤ የነርቭን ቁጣ የሚያበርድ ኪኒን ሰጣት። እኔ ደግሞ በየቀኑ በለስላሳ ጥጥ፣ ከዚያ በጨርቅ፣ ከሕመሙ ድንበር ውጭ ጀምሬ እጇን መነካትን ቀስ በቀስ አለማመድኳት። ይህን ስጽፍ ሹራብ ትለብሳለች። በብርድ ቀን አሁንም ይነድባታል። ዳነች ብዬ አልጽፍም፤ መቸኮል ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ለብዙ ዓመት ቁስል ጠራርጌ እንጀራ በልቻለሁ፤ የሚታየው ሲዘጋ እኔም ለታካሚው «እንኳን ማረህ» ብዬ አልጋውን ለሌላ ሰው አነጥፍ ነበር። አሁን ግን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር «ያምሃል ወይ?» ብዬ ሳልጠይቅ ሰው አላሰናብትም።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር። የቤቴን በር ከፍቼ ገና ቦርሳችንን ሳናስቀምጥ ጎረቤቴ እትዬ ጦይባ ድምፃችንን ሰምተው መጡ። ደግ ሴት ናቸው፣ ሲስሙ ያደቃሉ። «ከዲጃዬ! እንኳን በደህና መጣሽ! እንኳን አላህ አፊያሽን መለሰልሽ!» እያሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቀረቧት። ልከላከልላት አፌን ከፈትኩ።

ከዲጃ ቀደመችኝ። ግራ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ቀና ብላም አየቻቸው።

«እትዬ፣ እንዳይነኩኝ» አለች። «እጄ አልዳነም። ያመኛል።»